ጥሩምባው ተመለሰ

ዛሬ የልጄ ኮሌጅ ባስኬትቦል ጨዋታ ሄጄ ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ ግን አይኔ ኳሱ ላይ አልነበረም 😂 ልጄ ባንዱ ውስጥ ትሮምቦን ነዋ የሚነፋው! በኮቪድ ጊዜ ባንድ የለ ተመልካች የለ፣ የ2021 የወንዶቹ ማርች ማድነስ (የአሜሪካ ኮሌጆች ትልቁ የባስኬትቦል ውድድር) ራሱ ኢንዲያና ላይ ያለ ተማሪ ባንድ ነው ያለፈው፣ በቲቪ ሳየው ለቅሶ ቤት ነበር የሚመስለው። ዛሬ ግን ታይምአውት (አጭር እረፍት) በተጠራ ቁጥር ትራምፔቱ ቱባው ድራሙ አንድ ላይ ሲነሳ አዳራሹ ተናወጠ በቃ። ኳሱ በጨዋታ ላይ እያለ መንፋት ክልክል ነው (ህጉ ነው)፣ እና መሳሪያቸውን አፋቸው ላይ አርገው ፊሽካ ይጠብቃሉ፣ ልክ ሲነፋ ዷ! አንዴማ ሳላስበው እልልል አልኩት፣ ከፊቴ ያሉት ፈረንጆች ዞረው አጨበጨቡልኝ። ልጄ አንገቱን ደፋ፣ መኪና ውስጥ "እማ ሁለተኛ እንዳትመጪ" አለኝ። ቅዳሜ ሌላ ጨዋታ አለ፣ እሄዳለሁ።