ሳያካፍሉ ቀሪ ማግኘት፦ ከሜርሴን ፕራይም ቁጥሮች ጋር የሰነበትኩበት

በፓይተን የጻፍኩት አጭር ፕሮግራም 2¹²⁷−1 ፕራይም ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) መሆኑን ሰሞኑን ስላረጋገጠልኝ፣ በዚሁ ትምህርት ላይ ላላችሁ የሚጠቅም የመሰለኝን ላካፍል። ሜርሴን ፕራይም የሚባሉት እንዲህ ከ2 ርቢ ላይ 1 ተቀንሶ የሚገኙ ፕራይም ቁጥሮች ናቸው። ይህኛው 39 አሃዝ አለው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኤዱዋር ሉካስ ግን እ.ኤ.አ. በ1876 ያለ ኮምፒውተር ስላረጋገጠው ኩራቴ ልክ አለው።

ስለ ጅማሬው ብዙ አልልም፤ እንደማንኛውም ሰው በተራ እያካፈልኩ ነው የጀመርኩት። ለ2³¹−1 ማለትም ለ2,147,483,647 እስከ 46,340 መሞከር ስለሚበቃ ዘዴው ያስኬዳል። ኦይለር ይህንኑ ቁጥር ሲመረምር፣ ፕራይም አካፋይ ቢኖረው ለ248 ተካፍሎ 1 ወይም 63 የሚተርፈው መሆን እንዳለበት አስቀድሞ በማወቁ የሚሞከሩት ከ400 በታች ወርደውለታል። ለ2¹²⁷−1 ግን እስከ 20 አሃዝ ድረስ መውጣት ስለሚጠይቅ ነገሩ አይሞከርም።

መፍትሔው የሉካስና የሌመር ፈተና ነው፦ ከ4 ተነሥቶ ቁጥሩን በራሱ ማባዛት፣ 2 መቀነስ፣ ከዚያም በሚመረመረው ቁጥር አካፍሎ ቀሪውን መያዝ፤ ይህ ከአርቢው (ከ2 ራስጌ ከተጻፈው ቁጥር) በ2 ላነሰ ጊዜ ተደጋግሞ መጨረሻው 0 ከሆነ ቁጥሩ ፕራይም ነው። ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ይህ ቀሪ ነው። ማካፈል አያስፈልግም። ለ2⁷−1 ማለትም ለ127 እንየው፦ 128 ለ127 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ፣ እያንዳንዱ 128 እንደ 1 ይቆጠራል። ከ4 ወደ 14፣ ከ14 ወደ 194 ይኬዳል፤ 194 አንድ ጊዜ 128 እና 66 ስለሆነ ቀሪው 67 ነው። 67 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስ 4,487 ይሆናል፤ ይህም 35 ጊዜ 128 እና 7 ስለሆነ ቀሪው 35+7፣ ማለትም 42 ነው። በኮምፒውተር ደግሞ ቢቶቹን (ቁጥሩ የተጻፈባቸውን 0 እና 1) ለሁለት ከፍሎ መደመር ብቻ ነው። ከ42 ወደ 111 ይኬዳል፤ ከ111 ደግሞ 12,319 ይገኛል፤ እርሱም 96 ጊዜ 128 እና 31 ስለሆነ ድምሩ 127 ይወጣል።

127 ለ127 ሲካፈል ቀሪው 0 ስለሆነ ፈተናው ታልፏል፤ ግን ልብ በሉ፣ ድምሩ ራሱ 0 አልወጣም። ሁለት ክፍሎች ተደምረው 0 የሚሆኑት ሁለቱም 0 ሲሆኑ ብቻ ስለሆነ፣ ለፕራይም ቁጥር የመጨረሻው ድምር ሁልጊዜ ራሱ ቁጥሩ ነው። ስለዚህ «0 ነው ወይ?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ፕሮግራም አንዳንዱን ሳይሆን ሁሉንም ፕራይም ቁጥሮች ይጥላል።

ዝግጁ ፋንክሽን ጠርቶ መልስ መቀበል ለእኔ መማር አይደለም፤ አስቀድማችሁ አርቢው 7 የሆነውን በእጃችሁ ሥሩ። 13ንም እንድትሠሩት እመክራለሁ፤ እኔ ግን ስልችት ብሎኝ ከመሃል ተውኩት። ፈተናው ትክክል መሆኑን ከሚያሳየው ማረጋገጫ ውስጥም «0 ከወጣ ፕራይም ነው» የሚለውን ግማሽ በ2+√3 በኩል አጥንቼዋለሁ፤ ሌላውን ግማሽ ለጊዜው አምኜ ተቀብያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 የተገኘውን ባለ 41,024,320 አሃዙን 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹−1 የሚያልም ደግሞ ሌላ ትምህርት ይጠብቀዋል፤ በዚያ መጠን ማባዛቱ ራሱ ያለ ፉሪየር ትራንስፎርም (ግዙፍ ቁጥሮችን በፍጥነት ለማባዛት የሚረዳ የሒሳብ ዘዴ) አይገፋም።

ፕሮግራማችሁን በአርቢ 11ም ፈትኑት፤ 2¹¹−1 ማለትም 2,047 የ23 እና የ89 ብዜት ስለሆነ 9ኛው እርምጃ ላይ 0 ሳይሆን 1,736 ማውጣት አለበት።