እትዬ ዛሬ ጽፈው ላኩ

ዛሬ ከሰዓት ጎረቤቴ እትዬ፣ ጅዳ ላለችው ልጃቸው በገዛ እጃቸው መልእክት ጻፉ። እስካሁን በድምፅ ብቻ ነበር የሚነጋገሩት። «ጽፌ ነው የምልክላት» ካሉ ወዲህ ቡና በተፈላ ቁጥር ስልኩን ይዘን እንቀመጣለን።

እትዬ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ከዚያ ልጅ ማሳደግ መጣ፣ ጉልት መጣ፣ ደብተሩ ተረሳ። አሁን ሰባውን አልፈዋል። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠርገው «ለ»ን ይነካሉ። ሉ፣ ሊ፣ ላ ሲደረደሩላቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የሚፈልጉትን ይለቅማሉ። «ልጄ ደህና ነሽ ወይ» ተጽፎ እስኪያልቅ ቡናው በረካ ደረሰ። መልሱ ሲመጣ ስልኩን ለማንም አልሰጡም። ራሳቸው ደጋግመው አነበቡት።

እኔ በ60 ዓመቴ ጡረታ ስወጣ ሰው ሁሉ «እንግዲህ እረፊ» ነበር ያለኝ። ዕረፍት ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ማለት ግን ጉልበትንም ልብንም ያደክማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያንም ቢሆን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እንዳይወድቁ ሚዛን የሚያጠነክር ልምምድም ይጨምራል። እትዬ ቤተክርስቲያን በእግራቸው ነው ደርሰው የሚመለሱት። የግፊት መድኃኒታቸውንም ሰዓቱን አያዛንፉም።

እባካችሁ፣ እናቶቻችሁ «አሳዩኝ» ሲሏችሁ ስልኩን ነጥቃችሁ አትጨርሱላቸው። ቀስ ብለው ይንኩት።

ቀጥሎ ፎቶ መላክ ነው የሚፈልጉት። እሑድ እንጀምራለን።