የዘነበወርቅ ጥልፍ

ዛሬ አክስቴን ይዤ ለቆዳ ሕክምና አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር ወዳለው ሆስፒታል ሄድኩ። የታክሲው ረዳት «ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ!» እያለ ሲጮኽ፣ የሚጠራው የንጉሠ ነገሥቱን የአፄ ኃይለ ሥላሴን ልጅ ስም መሆኑን ልብ ያለ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሆስፒታሉ በልዕልቷ ስም ሲቆም፣ ቦታው ከከተማው ውጭ ነበር፤ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ተነጥለው የሚኖሩበት። ብዙዎቹ ከዳኑም በኋላ ወደ ትውልድ ቀያቸው አልተመለሱም። ማን ሊቀበላቸው? ግቢው አጠገብ ጎጆ ቀልሰው፣ ወልደው ከብደው ሰፈር ሆኑ። ከተማው ነው በኋላ መጥቶ የከበባቸው።

ከሕክምናው በኋላ ጥልፍ የሚሸጥበት ቤት ገባን። አንዲት እናት መርፌውን በአውራ ጣታቸውና በመዳፋቸው መካከል ይዘው ቀይ አበባ ይጠልፋሉ። ሌሎቹ ጣቶቻቸው አጫጭር ናቸው። አክስቴ ክርኔን ጎሸም አድርጋ «እንዳትነኪ» አለችኝ። አልፈርድባትም፤ ሁላችንም «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» እየተባለ ነው ያደግነው። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ማስተላለፉን እንደሚያቆም፣ እኚህ እናት ደግሞ ድሮ እንደዳኑ በሹክሹክታ ነገርኳት።

ዝም አለች። ቆይታ የትራስ ልብሱን አንስታ ስፌቱን ገለባብጣ አየችና በዋጋው መከራከር ጀመረች። እሳቸውም የዋዛ አልነበሩም፤ አንድ ብር አልቀነሱላትም። መልሱን ከእጃቸው ተቀበለች።