ዜጋ ሳልሆን የምመርጥባት ከተማ

ታኮማ ፓርክ ሜሪላንድ ውስጥ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር የምትዋሰን ትንሽ ከተማ ናት። እኔ ያለኝ ግሪን ካርድ ነው፤ ሲቲዝን አይደለሁም። ግን ከንቲባዋንና የሰፈሬን የምክር ቤት ተወካይ እመርጣለሁ። ይህን ስናገር ብዙ ሐበሻ አያምነኝም። "ተው፣ ያባርሩሃል!" ይሉኛል።

ሕጉ አዲስ አይደለም። ነዋሪው እ.ኤ.አ. በ1991 በጠባብ ልዩነት ደገፈው፣ በማግስቱ ዓመት የከተማዋ ምክር ቤት አጸደቀው። ሜሪላንድ ውስጥ በከተማ ምርጫ ማን ይምረጥ የሚለውን እያንዳንዱ ከተማ በራሱ ቻርተር (መተዳደሪያ ሕግ) መወሰን ይችላል። በኋላ ሃያትስቪልን የመሳሰሉ ከተሞች ተከተሉ። ዲሲም ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ በ2024 ምርጫ ሥራ ላይ ዋለ። ለፕሬዚዳንትና ለኮንግረስ ግን ዜጋ ያልሆነ ሰው ድምፅ ከሰጠ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ይህን አንዴም መርሳት የለብንም።

ከዚህ በፊት የኖርኩት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስሙ ትልቅ ነው፣ ሐበሻው ሞልቶታል፣ ግን በሕግ ከተማ አይደለም። ከንቲባ የለው፣ የራሱ ምክር ቤት የለው። የሚያስተዳድረው ሞንጎመሪ ካውንቲ (እንደ አውራጃ ያለ አስተዳደር) ነው፤ በካውንቲ ምርጫ ደግሞ የሚመርጠው ዜጋ ብቻ ነው። ወሰኑን ተሻግሬ እዚህ ስከራይ ድምፅ አገኘሁ። አገር ቤትም ለመምረጥ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። ስለዚህ በዚህች ምድር ላይ ድምፄ የሚቆጠርበት ቦታ ይህች ከተማ ብቻ ናት። ለኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ደግሞ ምርጫው ለይስሙላ አይደለም። ታኮማ ፓርክ አከራዮች በየዓመቱ ኪራይ ምን ያህል መጨመር እንደሚችሉ የሚገድብ ሕግ አላት። ያንን ሕግ የሚያጠብቀውም የሚያላላውም ምክር ቤቱ ነው፤ ከንቲባውና ከስድስቱ ዋርዶች (የከተማዋ የምርጫ ክልሎች) የሚመረጡ ስድስት ሰዎች። ሜፕል አቬኑ አፓርትመንት ተከራይቶ ለሚኖር ቤተሰብ ከዚህ የሚቀርብ ፖለቲካ የለም።

አንዲት እናት ሰሞኑን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያዙኝ። "ልጄ፣ ነገ ሲቲዝንሺፕ ሳመለክት መርጠሻል ወይ ብለው ቢጠይቁኝስ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ የዜግነት ማመልከቻው ይህን ይጠይቃል። "እማማ፣ ቅጹ ራሱ መልሱን ይዟል" አልኳቸው። ዜጋ ያልሆነ ሰው እንዲመርጥ በሚፈቀድበት የአካባቢ ምርጫ ብቻ በሕጋዊ መንገድ የመረጠ ሰው "አይ" ብሎ መመለስ እንደሚችል እዚያው ላይ ተጽፏል። እኔ ጠበቃ ስላልሆንኩ ከማመልከትዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ አልኳቸው። እናንተንም እንዲሁ እላለሁ።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ማሽኑ ወይም ሠራተኛዋ "መራጭ ሆነህ መመዝገብ ትፈልጋለህ?" ይላሉ። ወረፋ ላይ ቆይተን ደክሞናል፣ እንግሊዝኛው ይፈጥናል፣ እሺ ብለን እናልፋለን። ያ ምዝገባ የስቴቱ ነው፤ ከፌዴራል ምርጫ ጋር የተያያዘው እሱ ነው። ዜጋ ካልሆናችሁ መልሱ ሁልጊዜ "አይ" ነው። በዚህ አንድ ምልክት የዜግነት ጉዳዩ የሚበላሽበት ሰው አለ።

ለከተማዋ ምርጫ የምንመዘገበው ሲቲ ክለርክ (የከተማዋ ጸሐፊ) ቢሮ፣ በተለየ ቅጽና በተለየ መዝገብ ነው። ማንነታችሁንና አድራሻችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ያዙ። የሚደርሳችሁ ወረቀት ላይ የከተማዋ እጩዎች ብቻ ናቸው። አንድ ሰው ላይ ብቻ ምልክት አድርጋችሁ አታቁሙ። እጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያላችሁ በቅደም ተከተል አስቀምጡ። ማንም ከግማሽ በላይ ካላገኘ ትንሹን ድምፅ ያገኘው እጩ ከውድድሩ ይሰናበትና የሱ መራጮች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይዞራል። ስለዚህ ሁለተኛችሁንም አስባችሁበት ምረጡ።

ቅጹን በአማርኛ የሚያስረዳችሁ ካስፈለገ ጻፉልኝ፣ ቁጭ ብለን አብረን እንሞላዋለን።