ቶንጋ፣ ንጉሡና መሬቱ

ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ አብረውኝ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ካለችው የደሴት አገር ከቶንጋ የመጡ ናቸው፣ ስለ ንጉሣቸው ሲያወሩ እየሰማሁ ነው መሄድ ያማረኝ። በረራው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከኤርፖርት ዋና ከተማዋ ኑኩዓሎፋ ድረስ ግን ታክሲው 80 ፓአንጋ (የአገሩ ገንዘብ ነው) አስከፈለኝ፣ በኋላ እንደነገሩኝ ግማሹ በቂ ነበር፣ በጣም ተናደድኩ፣ በሌሊት የመጣ እንግዳ ላይ እንዲህ አይደረግም።

ቤተ መንግሥቱ ባሕሩ ዳር ነው፣ ነጭ የእንጨት ቤት፣ ጣራው ቀይ፣ በ1867 የተሠራ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። መግባት አይቻልም፣ በአጥሩ ነው ሚታየው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ቤተ መንግሥት ማለት ዝም ብለህ ቶሎ ምታልፈው ቦታ ነው፣ እዚህ ቆሜ እስኪበቃኝ ሳይ ማንም ምን ፈለግህ አላለኝም፣ ደስ አለኝ።

እሁድ አገሩ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ሰንበት በሕገ መንግሥት የተከበረ ነው፣ አውሮፕላን እንኳ አይበርም፣ ማደሪያዬም ቁርስ የለውም። ባዶ ሆዴን ንጉሣውያኑ ሚያስቀድሱበት ሴንተነሪ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ንጉሡ አልነበሩም፣ መዝሙሩ ግን፣ ያለ ምንም መሣሪያ ሕዝቡ በአራት ድምፅ ሲዘምር ጣራው ሚነሳ ነው ሚመስለው፣ እንባዬ መጣ። አጠገቤ የነበሩ ወገባቸው ላይ የተጠለፈ ምንጣፍ የታጠቁ እናት ስንወጣ «ምሳ የት ነው ምትበላ?» አሉኝና ቤታቸው ወሰዱኝ።

ምግቡ ከጠዋት ጀምሮ መሬት ውስጥ በጋለ ድንጋይ ሲበስል የዋለ ነው። መጀመሪያ አሳማ አቀረቡልኝ፣ በሃይማኖቴ አልበላም ስላቸው ቅር ሳይላቸው አነሱትና በጎደሬ ቅጠል ተጠቅልሎ በኮኮናት ወተት የበሰለ ዓሣ ሰጡኝ፣ «ብላ ልጄ» እያሉ። ግድግዳው ላይ የንግሥት ሳሎቴ ፎቶ አለ፣ ከ1918 እስከ 1965 የነገሡት፣ በ1953 ለንደን በእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ የዘውድ በዓል ላይ በዝናብ ክፍት ሠረገላ ውስጥ እየበሰበሱ ሕዝቡን ሰላም ያሉት።

ስለ አሁኑ ንጉሥ ስለ ቱፖ ስድስተኛ ጠየቅኳቸው። እንደ እንግሊዙ ለሥነ ሥርዓት ብቻ የተቀመጡ አይደሉም። በ2006 ከተማዋ በረብሻ ከተቃጠለች በኋላ በ2010 ሥርዓቱ ተለወጠ፣ ከ26 የፓርላማ ወንበር 17ቱን ሕዝቡ ይመርጣል፣ 9ኙን መኳንንቱ ከራሳቸው መሃል፣ ንጉሡ ግን ሕግ አላፀድቅም ማለትም ፓርላማ መበተንም ይችላሉ። በ2017 በትነውታል። እኔ ሕዝብ የመረጠውን አንድ ሰው ሲበትን አልወድም፣ ለእማማም ነገርኳቸው። «ምርጫ ተደረገ አይደል? ያው ጠቅላይ ሚኒስትር አሸንፎ ተመለሰ፣ ንጉሡም ተቀበሉት» አሉኝ።

ለኔ ግን ዙፋኑን ያቆመው መሬቱ ነው። አያቴ ጭሰኛ ነበር፣ እኛ አገር መሬት ላራሹ ተብሎ ስንት ወጣት ወጥቶ ዘውዱ በ1967 በእኛ አቆጣጠር መስከረም ላይ ወረደ። እዚህ ቀዳማዊ ጆርጅ ቱፖ ገና በ1862 ሕዝቡን ከአለቆች ገባርነት ነፃ አወጡ፣ በ1875 ሕገ መንግሥት ሰጡ፣ መሬት መሸጥ ክልክል ሆነ፣ ከዛ 16 ዓመት የሞላው ወንድ ሁሉ 3.3 ሄክታር ገደማ ሚያርሰው መሬት እንዲያገኝ ሕግ ወጣ። መሬቱ የዘውዱ ነው፣ ግን ገበሬው ይዞት ለልጁ ያወርሰዋል። ከ1900 እስከ 1970 በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ሲቆዩም ንጉሥም መሬትም አልተነጠቁም። ይሄን ሳስብ አያቴ ትዝ እያለኝ ምሳው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

አሁን ግን መሬቱ አልበቃ ብሏል። የእማማ ትንሹ ልጅ 16 ካለፈው ቆይቷል፣ ምንም አላገኘም፣ ኦክላንድ ግንባታ ላይ እየሠራ ብር ይልካል። ሴቷ ልጃቸው ደግሞ ወንድሞች ስላሏት ውርሱ ለሷ አይደርሳትም። እማማ ይሄን ሲያወሩ ድምፃቸው ከፍ አለ፣ ንጉሡን ግን አንድም ቃል አልወቀሱም፣ ርስቱን ይዘው ሚያከፋፍሉትን መኳንንት ነው የወቀሱት።