፮ ናት ወይስ ፯? በመንዝ የመቃብር ድንጋይ ንባብ

ጉዞው ለአንዲት አሃዝ ነው። ውጭ አገር ያለ ወዳጄ በላከልኝ ፎቶ ላይ፣ መንዝ ውስጥ ባለ አንድ የማርያም ደብር ቅጽር የቆመ ድንጋይ «ጥር ፳፩ ቀን ፲፱፻፳» ይልና መጨረሻው ይጨፈለቃል። ፮ም ትመስላለች፣ ፯ም። ድንጋዩ የወዳጄ ቅድመ አያት ነው ይባላል። የአያቱ ልደት ደግሞ በቤተሰቡ ዳዊት የመጨረሻ ቅጠል ላይ ሰፍሯል፤ ሐምሌ 1927። ሰውየው ያረፉት ጥር 1927 ከሆነ ልጁ በእናቱ ማኅፀን ቀርቶ ከአምስት ወር ተኩል ገደማ በኋላ ተወለደ ማለት ነው። ጥር 1926 ከሆነ ግን ልዩነቱ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ተኩል ይሆናል፤ ያኔ ወይ ድንጋዩ የሌላ ሰው ነው፣ ወይ ቤተሰቡ የማይናገረው ነገር አለ።

በ2012 ጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ከላምበረት መናኸሪያ ተነሣሁ። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ጣርማ በር፣ መዘዞ፣ ሞላሌ፣ መሐል ሜዳ። ስለ መንገዱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ስለ ሌሊቱ ግን አለኝ። በ150 ብር የተከራየኋት ክፍል በሯ ከወለሉ አራት ጣት ከፍ ብሎ የተሰቀለ ነው፤ ነፋሱ በዚያ ይገባና በጣሪያው ይወጣል። ብርድ ልብሱ እግር ሲሸፍን ትከሻ ያጋልጣል፣ ትከሻ ሲሸፍን እግር። የቀረውን ቁንጫው ጨረሰው። አዲስ አበባ ላይ «የጥር ብርድ» እያልን የምናማርረው ነገር በመንዝ ሰው ዘንድ ብርድ ተብሎ አይቆጠርም።

ጠዋት ወደ ደብሩ ያደረሰኝ ባለ ሞተር 400 ብር ተቀበለኝ። ለመመለሻ አንዲት ሴት ጭኖ በ100 ሲስማማ እዚያው ቆሜ ሰማሁ። ምን ይደረጋል፣ ጫማዬ ነግሮብኛል።

ቀኑ ረቡዕ፣ ጥር 20 ነው። ይህን የመረጥኩት አስቤበት ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ስለሆኑ ቅዳሴ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋት ግቢው ጭር ይላል፣ ድንጋይ ለማንበብ ይመቻል። በማግስቱ ደግሞ አስተርዮ ማርያም ናትና የአጥቢያው ሽማግሌ ሁሉ ይሰበሰባል። ድንጋይ በዋዜማው፣ ሰው በበዓሉ፤ አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ሁለቱን ባንድ ላይ ልሥራ ካለ ሁለቱንም ያበላሻል።

ከድንጋዩ በፊት ፈቃድ ይቀድማል። የሚጠየቁት የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበርና ቄሰ ገበዙ ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ጠይቆ የገባ ሰው በሌላኛው ይባረራል። ከወረዳው ቤተ ክህነት ደብዳቤ ይዞ መሄድ አይጎዳም፤ ግን ደብዳቤው የሚያስገባው እስከ በሩ ነው። ቄሰ ገበዙ መስቀል አሳልመውኝ ዝም ብለው ካዩኝ በኋላ፣

«መሬት ነው?» አሉኝ።

«አይደለም አባቴ፣ የሙት ዓመት ለማወቅ ነው።»

«መሬት የሚፈልግም እንዲሁ ነው የሚጀምረው።»

ትክክል ናቸው። መንዝ የዘር ቆጠራ አገር ነው። ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ ከሦስት የተከፈለ ምድር፣ ሰው ርስት ለመጠየቅ ከአቅኚ አባቱ ጀምሮ እስከ ራሱ በቃሉ ማውረድ የነበረበት አገር። የየካቲት 1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ካደረገ ወዲህ በዘር ቆጥሮ ርስት የሚረታ የለም፤ ጥርጣሬው ግን አልተሻረም። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መጀመሪያ የራስን ወገን ቆጥሮ መስጠት፣ ደብተር ሳያወጡ። የምትጠይቁት ስለ ሙታኑ ብቻ ይሁን፤ «ይህ ማሳ የማን ነበር?» የምትል ቃል ከአፍ ከወጣች ሥራው አለቀ። ከቅድመ አያት በላይ ያሉትንም መጠሪያዎች ሰው እንደየአገሩ ስለሚያቀያይራቸው «ምንዝላት» ሲባል ሰምቶ ከመጻፍ «ከእርስዎ ስንተኛ ቤት?» ብሎ ቁጥር መያዝ ይሻላል። እስከ ሰባት ቤት መጋባት ነውር ስለሆነ ያን ያህሉን የሚቆጥር ሰው አይጠፋም።

አሁን ወደ ድንጋዩ። የገጠር ደብር መቃብር አብዛኛው ጽሑፍ የለውም፤ የድንጋይ ክምር ነው፣ አንዳንዱ ላይ የእንጨት መስቀል። ጽሑፍ ያለው የባለ ማዕረግ፣ የካህንና ያለው ሰው ነው። ፎቶ የተለጠፈበት የሲሚንቶ ሐውልት ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነው፤ ከአያት በላይ አያደርስም። በቦርሳዬ የያዝኩት ይህ ነው፤ አራት ጣት ስፋት ያለው ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ሁለት ሊትር ንጹሕ ውሃ ከመርጫ ጋር፣ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር መስታወት፣ የእጅ ባትሪ፣ ሜትር፣ እርሳስና ደብተር። የሽቦ ብሩሽ፣ በረኪና፣ አሲድ አይነኩም። ጠመኔ ወይም ዱቄት በፊደሉ ላይ ማሸትም እንዲሁ፤ ለአንድ ፎቶ ያምራል፣ ነገር ግን ቅንጣቱ በስንጥቁ ይቀራል፣ በዚያ ላይ የሚያሸው ሰው ማየት የፈለገውን ፊደል ነው አድምቆ የሚያወጣው። ነጭና ብጫ ሽበት የበቀለበት ድንጋይ አይፋቅም፤ ሽበቱ ሲነቀል የድንጋዩን ቆዳ ይዞ ይነሣል። ውሃ ረጭቶ ጥቂት መቆየት ብቻ ነው፤ ጠርቦ የተጻፈው ጎድጓዳ ከገጹ ዘግይቶ ስለሚደርቅ ፊደሉ ለትንሽ ጊዜ ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በብርሃኑ ነው። «ጠዋትና ማታ አንብብ» የሚለው ምክር የሚሠራው ጋደም ላለ ድንጋይ ነው፤ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ገጹን ትጠርጋለች፣ ጎድጓዳው ጥላ ይይዛል። ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ድንጋይ ግን ጠዋት ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመታው ድፍን ይሆናል። የወዳጄ ፎቶ የተነሣው በዚያ ሰዓት ነበር። እንዲህ ያለው የሚነበበው ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ገደማ ነው፤ በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል ብርሃኑ ገጹን ከላይና ከጎን እየላሰ ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋቱን በጋደሙት ላይ ጨረስኩና የእኛኛውን ጠበቅሁ።

ጋደም ባሉትም አንድ ችግር አለ። ሙታን ወደ ምሥራቅ እንዲያዩ ሆነው ስለሚቀበሩ ድንጋዩም በዚያው አቅጣጫ ይተኛል፣ የጽሑፉ መስመር ደግሞ አግድሙን ይሄዳል። የጠዋት ብርሃን አግድም ጭረቶችን ሁሉ አጉልቶ ቁም ጭረቶችን ይውጣል። የግእዝ አሃዝ ከላይና ከታች መስመር ስላለው መስመሮቹ ፏ ብለው ይታያሉ፣ በመካከላቸው ያለው አካል የለም! ያኔ ድንጋዩን በልብስ ጋርዶ፣ በመስታወት ብርሃኑን ከሰሜን ወይም ከደቡብ ማምጣት ነው። ስልኩን ሳያንቀሳቅሱ፣ ፍላሽ ሳይከፍቱ፣ ብርሃኑን ብቻ እየቀያየሩ ከአራት አቅጣጫ አራት ፎቶ።

መጋረጃ ይዤ አልመጣሁም ነበር። ከዕቃ ቤቱ ጥላ ተቀምጠው ያዩኝ የነበሩ አንዲት እማሆይ ምንም ሳልጠይቅ የለበሱትን ባና አውልቀው ሰጡኝ። ባና ማለት ከመንዝ የበግ ጠጉር የተሠራ ልብስ ነው፤ ብርሃን የማያሳልፍ፣ ነፋስ የማያነሣው። በዚያ ብርድ የሚለብሱትን የሰጡኝ ሴት ናቸው፤ ሌሊቱንም ሞተሩንም አስረሱኝ።

6 ሰዓት ሊሆን ሲል ወደ ቆመው ድንጋይ ሄድኩ። «ጥር ፳፩» ጠርቶ ይነበባል። የመጨረሻዋ አሃዝ ግን የተላጠችው ፮ና ፯ የሚለዩበት መታጠፊያ ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን ያው ጠራቢ የጻፋት ሌላ ፮ ወይም ፯ ካለች ማነጻጸር ነው፤ በድንጋዩ ላይ ሌላ አልነበረችም። ዕድሜ ተጽፎ ቢሆን ኖሮም ብዙ አላምነውም፤ «በተወለዱ በ፹ ዓመታቸው» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የተጠጋጋ ነው።

እማሆይ ከኋላዬ ቆመው፣ «የማክሰኞው ሰውዬ ናቸው» አሉ።

«እንዴት እማሆይ?»

«ማክሰኞ ነዋ የሞቱት፣ ልጄ። እናቴ ገብስ ጭና ገበያ ወጥታ፣ ለቅሶ ተሰምቶ ገበያው ተፈታ። እስክትሞት ድረስ ‹ያ ማክሰኞ› እንዳለች ነው።»

ዓመት የሚረሳ ሰው የገበያ ቀን አይረሳም። ሒሳቡን ማንም ሊሠራው ይችላል። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፣ ዓመተ ዓለሙ ይገኛል። ዓመተ ዓለሙ ለ4 ይካፈላል፤ ድርሻው መጠነ ራብዒት ይባላል። ሁለቱ ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ የሚተርፈው መስከረም 1 የዋለበትን ዕለት ይነግራል፤ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል፣ ምንም ካልተረፈ ሰኞ። ለ1927፣ 7427 ሲደመር 1856፣ 9283 ነው፤ ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል፣ ማክሰኞ። ለ1926፣ 9282 ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ ሰኞ። ጥር 21 ደግሞ ከመስከረም 1 ልክ 140 ቀን፣ ማለትም 20 ሳምንት ስለሚርቅ ሁልጊዜ በዚያው ዕለት ይውላል። ስለዚህ ማክሰኞ የዋለችው የ1927ቷ አስተርዮ ናት።

ነገር ግን የአንድ ሰው፣ ያውም ከእናት የተሰማ ትዝታ ብቻውን አያሳርፈኝም። ድንጋዩ ወደ መሬት መስጠሙን አይቻለሁ፤ ታችኛው መስመር በሣሩ ግማሽ ተውጧል። የመቃብር አፈር በራስ ሥልጣን አይነካም። ቄሰ ገበዙን አስፈቀድኩ፤ አንድ ዲያቆን በእንጨት ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ገለጥ አደረገው፣ ብረት ሳያስነካ። ውሃ ረጨሁ፣ መስታወቱን ያዝኩ። «በዘመነ ሉቃ» የሚል ወጣ፤ ቀሪው ተሰብሯል። 7427 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ዮሐንስ። 1926 ማርቆስ ነው። ፯ ናት።

የሞት ዓመቱ ተገኘ ማለት ሰውየው ተገኙ ማለት አይደለም፤ ስሙም መፈተን አለበት። ድንጋዩ የያዘው የክርስትና ስም ነው፣ ቤተሰቡ የሚያውቀው የዓለም ስም። ካህን ፍትሐት የሚያደርሰው በክርስትና ስም ስለሆነ ከቤት ሳይወጡ እሱን ከአሮጊቶች መያዝ ይገባል። አኅጽሮት ሌላው ወጥመድ ነው፤ «ወ/ማርያም» ወልደም ወለተም ይሆናል፣ አያት አባት ሲፈለግ አያት እናት ትገኛለች፤ «ተ/» ተክለም ተስፋም ነው። «አባ» ያለው ሁሉ መነኩሴ አይደለም፣ የፈረስ ስምም አለ። አያቱ ያሳደገው ልጅ በአያቱ ስም ስለሚጠራ አንድ ትውልድ ተሰርቆ ይቀራል። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የሚባል ስም ሲገጥም ከማን ሞት በኋላ ተወለደ ብሎ መጠየቅ ነው። ከዚህ ሌላ፣ በዘይት ቀለም የታደሰ ጽሑፍ የቀለም ቀቢውን ንባብ እንጂ የጠራቢውን አይነግርም፤ ለሙት ዓመት ወይም ለሰባት ዓመት የቆመ ሐውልትም አንዳንዴ የቆመበትን ቀን ይይዛል። ቤተ ክርስቲያኑ ፈርሶ ሰፋ ተደርጎ ሲሠራ ወደ ግንቡ የተጠጋ ድንጋይ ደግሞ ከሥሩ ማንም ላይኖር ይችላል። የእኛው ድንጋይ ከቦታው አልተነሣም፤ ቄሰ ገበዙ ከልጅነታቸው ጀምሮ እዚያው ያውቁታል፣ የክርስትና ስሙም ከወዳጄ ቤተሰብ ጋር ገጠመ።

ማታ ጽሑፉን መስመር በመስመር፣ እንደተጻፈው፣ የጠፋውን ፊደል በነጥብ ተክቼ በሁለት ቅጂ ገለበጥኩ። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ጧፍና ዕጣን ከአንዱ ቅጂ ጋር ለቄሰ ገበዙ ሰጠሁ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ «ንጉሡ» ተብሎ በሠ የተጠረበውን እኔ በሰ ጽፌዋለሁ። እርሳሴን ተቀብለው አረሙልኝና ወረቀቱን አጥፈው ከወንጌሉ ቅጠሎች መካከል አስገቡት።