ከኒውክለሩ ይልቅ

ከባሕሩ ዳርቻ የተነሳሁትን ፎቶ ያዩ የአገር ቤት ወዳጆቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ከኒውክለር ጋር ተጎራብተህ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል?»

ከኋላዬ የሚታዩት ሁለት ነጫጭ ጉልላቶች ከደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የኩበርግ ጣቢያ ናቸው። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ይህ ጣቢያ በአፍሪካ ሥራ ላይ ያለ ብቸኛው የኒውክለር ኃይል ማመንጫ ነው። ጭስ አይወጣውም፤ ቀዝቃዛውን የአትላንቲክ ውሃ እየሳበ ተርባይኑን ያዞረውን እንፋሎት ካቀዘቀዘበት በኋላ መልሶ ወደ ባሕር ይለቀዋል። በዙሪያው ወደ 3,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ለዱር እንስሳት ተከልሏል። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት አንዲት የሜዳ አህያ ከቁጥቋጦው መካከል ጆሮዋን ቀስራ አየችኝና፣ ጉልላቶቹን ከጀርባዋ አድርጋ ግጦሿን ቀጠለች። እንዲህ ያለ ጥበቃ በእውነት ያስቀናል።

እኔ በሱቄ የምሸጠው በፍርግርግ ብረት ታጥሬ፣ እጅ ብቻ በምታሳልፍ ቀዳዳ ነው። መብራት በፈረቃ በሚጠፋበት በ2015 ዓ.ም. አንድ ምሽት፣ አንድ ደንበኛ የሸጥኩለትን ሻማ እዚያው ለኩሶ ወደ ፊቴ አስጠጋና «እናንተ አገር መብራት የሚባል ነገር አለ?» ሲለኝ ከኋላው የተሰለፉት ሳቁ። በኒውክለራቸው የሚኮሩ ሰዎች በጨለማ ቆመው፣ ሻማ ከእጄ እየገዙ ሳቁብኝ። በእኛም አገር መብራት እንደሚጠፋ አልክድም፤ ነገር ግን የዓባይ ግድባችን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ሲኖረው ኩበርግ 2,000 እንኳ አይሞላም። ያን ምሽት ይህን ሁሉ ዋጥ አድርጌ የገንዘቡን መልስ ቆጠርኩለት፤ ገበያተኛን የተጣላ ስደተኛ በማግስቱ ሱቁን ሊያጣ ይችላልና።

የአገሬ ሰው ዓይቶት ለማያውቀው ጨረር ይጨነቃል፤ ወንድሙን ግን መሬት ሸጦ፣ በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ ለሚያሻግር ደላላ ያለ አንዳች ጥያቄ ያስረክባል። ስለዚህ ለመምጣት የምታስቡ ወንድሞቼ፣ ኒውክለሩን ተዉት። የሚቀበላችሁን ሰው ሱቁ የትኛው ሎኬሽን (የድሆች ሰፈር) እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደተዘረፈ፣ የመኖሪያ ወረቀት ለማግኘት ስንት ዓመት እንደፈጀበት፣ ማታም ከዚያ ብረት ጀርባ የሚያድረው ማን እንደሆነ ጠይቁት፤ መልሱንም መሬቱ ከመሸጡ በፊት ለእናታችሁ ንገሯት።